አበልጅ ያዘጋጀው ስክሪን

ሰቆጣ ገብታችሁ "ያቺ የሬዲዮዋ ሴትዮ የት ናት?" ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ለተጊዮርጊስ ትባላለች። የቄስ ልጅ ናት፤ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አማርኛዋ የአፍ መፍቻዋ የኽምጣንጋ ቃና አለው፤ በዚያ የሚቀልድባት ሰው ግን መልሱን አያጣም። "አንተስ በስንት ቋንቋ ነው የምትሳሳተው?" ትለዋለች።

ሥራዋ የአንድ ዕርዳታ ድርጅት ሬዲዮዎችን መጠገን ነው። ሰሃላና ዝቋላ ወረዳዎች ውስጥ ስልክ የማይደርስባቸው ጤና ኬላዎች አሉ፤ ሰው ሲታመምባቸው አምቡላንስ የሚጠሩት በሬዲዮ ነው። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ አንድ ማማ ቆሟል፤ የሩቁን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ወደ ሰቆጣ የሚያወርደው እሱ ነው። ማማው ከታመመ ሰሃላ ቢጮህ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ያን ማማ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ለተጊዮርጊስ ናት።

በወርክሾፗ ውስጥ ከሁሉ የምትሳሳለት አንድ መሣሪያ አለ። ወረቀቱ ላይ ስፔክትረም አናላይዘር ይለዋል፤ እሷ "ስክሪኑ" ነው የምትለው። የሬዲዮን ኃይል በመስመር ስሎ ያሳያል። ሞገድ ባለበት መስመሩ እንደ ተራራ ይወጣል፣ በሌለበት ሜዳ ሆኖ ይተኛል፤ ሜዳው ላይ እንደ ሣር የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ፣ እሱ የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ነው። ታዲያ ይኼ ስክሪን የሚያሳያችሁ እንዳስተካከላችሁት ነው። አንዱን ቁልፍ ከፍ ካደረጋችሁ ሜዳው ይነሳና በአጠገቡ ያለውን ትንሽ ጉብታ ይውጠዋል። ሌላውን ብትነኩ መቶ ጊዜ ያየውን ደምሮ አካፍሎ አማካዩን ብቻ ይስልላችኋል። አንድ ሌባ መቶ ደጋግ ሰዎች መሃል ገብቶ ቢካፈል ማን ያየዋል? እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ለተጊዮርጊስ አንድ ልማድ ነበራት። የሌላ ሰው እጅ ያረፈበትን ስክሪን ሳታጥብ አትለካም። "ማጠብ" የምትለው ፕሪሴት የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው፤ ቀድሞ የተስተካከለውን ሁሉ ይሰርዘዋል፣ እሷም ከዜሮ ጀምራ በእጇ ታስተካክለዋለች። አለቃዋ አቶ ጌታሰው አንድ ቀን "እኔ አስተካክዬዋለሁ፣ ዝም ብለሽ ለኪ" ቢሏት "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ እፊታቸው አጠበችው። ሰውዬው ቅር አላቸው፤ እሷ ምን ገዷት! ወሬው ግን ከተማውን አዳረሰ። የለተጊዮርጊስ ፊርማ ያለበት ወረቀት ከዚያ ወዲህ ማንም ደግሞ አያየውም ነበር።

አሁን ወደ ምትኩ ልምጣ፤ አፌ ባይጠራው በወደድኩ።

ምትኩ ከቴክኒክ ኮሌጅ ጀምሮ አብሯት የተማረ ነው። ሱቅ አለው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያቀርባል፣ ይጠግናል፤ ምላሱ ማር ነው። ሚስቱ ሰገነት ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደችለት። ነሐሴ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት ምትኩ ለተጊዮርጊስ ወርክሾፕ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

"ልጄን ክርስትና አንሺልኝ" አላት።

እናንተዬ፣ ይቺ ሴት ልጅ የላትም። አግብታ ነበር፤ ማሕፀኗ ዝግ ነው ተብሎ ነው የተፈታችው። በዚያ ሁሉ ዓመት ይቺን መካን ሴት ክርስትና አንሺልን ያላት አንድ ሰው አልነበረም፤ ሰው ክፉ ነው፣ ይፈራል። ለተጊዮርጊስ መፍቻውን ከእጇ ጣለችና እዚያው ቆማ አለቀሰች። በሰማንያ ቀኗ ሕፃኗን ታቅፋ ከቄሱ ፊት ቆመች፤ ወለተ ሚካኤል ተባለች። ቀሚሱን ራሷ ገዝታ፣ ማተቡን ራሷ አስራ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምትኩ አበልጇ ሆነ።

አበልጅነት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። የአበልጁን ጠላ አሽትቶ የሚጠጣ፣ አበልጁ ሰፍሮ የሰጠውን እህል ደግሞ የሚሰፍር ሰው በኛ አገር ሰው አይባልም። ከሥጋ ዘመድ ጋር ይጣሏል፣ ይካሰሷል፤ በአበልጅ መሃል ግን ውሃው አለ፣ ሜሮኑ አለ።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ መብረቅ የማማውን ማጉያ አቃጥሎት ነበር። ድምፅ አጉልቶ የሚረጨው ክፍል ነው፤ ያለሱ ማማው ሽባ ነው። አሮጌ ማጉያ ተተክቶ ሲንገታገት ቆየና አዲሱን እንዲያቀርብ ጨረታውን ያሸነፈው ምትኩ ሆነ። ዕቃው ተራራ ላይ ሳይወጣ በወርክሾፕ ተለክቶ፣ ለተጊዮርጊስ ንጹሕ ነው ብላ መፈረም አለባት። ደንቡ ይኼው ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ወርክሾፗ ስትደርስ ምትኩ ቀድሟት ገብቷል። ማጉያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ገመዱ ተገጥሟል፣ ስክሪኑ በርቷል። ሰገነት የላከችው ድፎ ዳቦ በነጠላ ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ነይ አበልጄ፣ አንቺ እንዳትደክሚ ሁሉን አዘጋጅቼልሻለሁ። ማየት ብቻ ነው የቀረሽ።"

አየች። መሃል ላይ አንድ ቀጥ ያለ ተራራ አለ፤ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው፣ እሾህ እንኳ የለበትም። የሚያምር ነገር ነበር። ጣቷ እንደ ልማዱ ወደ ፕሪሴት ሄደ። ቀና ብላ አየችው፤ ምትኩ ፈገግ ብሎ ዳቦውን እየፈታ ነው። በዚያች ቅጽበት ቁልፉን መጫን ጠላውን ከማሽተት አንድ ሆኖ ታያት፤ አፈረች። ጣቷን መለሰችና ዳቦውን ተቀበለችው። ስክሪኑ ያሳየውን ሥዕል በፋይል አስቀምጣ፣ ከወረቀቱ ጋር አያይዛ፣ ፈረመች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳታጥብ የለካችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማጉያው ተራራ ላይ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ደኅና ነው። ጥር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ግን ሰሃላ ከቀትር በኋላ ድምፁ መጥፋት ጀመረ። ዝቋላ ይሰማል፣ ሰሃላ አይሰማም። ለተጊዮርጊስ የሰሃላው ሬዲዮ ነው ብላ መለዋወጫ ላከች፤ ማጉያውንማ ማን ይጠረጥረዋል?

አንድ ማክሰኞ የሰሃላው ነርስ ቅጣው ወርክሾፗ በር ላይ ቆመ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል።

"ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠራሁ" አላት። "ምጥ የጠናባት ሴት ይዤ ስጠራ ዋልኩ። ማን ሰማኝ?"

አምቡላንሱ ሳይጠራ ቀረ። ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት መንገድ አንድ ቀን ሙሉ ተጓዙ። እናትም ልጅም በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈዋል። ቅጣው ግን ይቅር የሚል ፊት አልነበረውም። "ቢሞቱስ ኖሮ?" አላት።

በማግስቱ ስክሪኑን በበቅሎ አስጭና ተራራው ላይ ወጣች። አጠበችው። ሜዳውን ዝቅ አደረገችው፣ ማካፈሉን አጠፋች፣ ያየውን ከፍታ ሁሉ ሳይለቅ እንዲይዝ አዘዘችው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ቀትር አለፈ፣ ማጉያው ጋለ። ከዋናው ተራራ በስተቀኝ፣ ልክ ሰሃላ በሚጠራበት መስመር ላይ፣ አንድ ቀጭን እሾህ ብቅ አለና ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ብቅ አለ። ማጉያው ሲሞቅ በማያገባው መስመር ላይ ይጮሃል፤ የማማውን ጆሮ የሚደፍነው ያ ጩኸት ነው። አዲስ ዕቃ እንዲህ አያደርግም፣ ሌላ ቦታ ሠርቶ ያረጀ ነው።

ቤቷ ወርዳ የኅዳሩን ሥዕል ከፈተች። ያን ቀን ዓይኗ የሄደው መስመሩ ላይ ነበር፤ አሁን ዳር ዳሩን አነበበች። ስክሪኑ እንዴት እንደተስተካከለ ምንጊዜም ዳር ላይ በትንንሽ ቁጥር ይጽፋል። ሜዳው የሚነሳበት ቁልፍ ጫፉ ድረስ ተነስቷል። ማካፈያው መቶ ላይ ነው። ይኼ በስህተት የሚሆን አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው፣ የሚደብቀውን የሚያውቅ ሰው ያስተካከለው ነው። ለተጊዮርጊስ ክው አለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ "በገዛ ፊርማዬ!" አለች።

ማንን ከሰሰች መሰላችሁ? ማንንም። ነጠላዋን አጣፍታ ምትኩ ቤት ሄደች። ድርጅቱ ነገሩን የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች ከዋናው ቢሮ ጠርቷል፤ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ጥፋተኛ የተባለ ሥራውን ያጣል፤ ስሙንም ያጣል፣ ሰቆጣ ላይ ደግሞ ስሙ የጠፋ ቴክኒሻን ቡና ቤት ተቀምጦ ዝንብ እሽ ከማለት በቀር ምን ሊሠራ? ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም አበልጇ ነው፣ ቀድማ ለሱ ነገረችው።

ምትኩ አልካደም። ጉልበቷ ላይ ወድቆ አለቀሰ። "ሰይጣን አሳሳተኝ። ሐሙስ ራሴ ቆሜ እናገራለሁ፣ አንቺ አስቀድመሽ አታዋርጂኝ። በወለተ ሚካኤል ክርስትና!"

በዚያ መሐላ ላይ ምን ይጨመራል? "ተነስ" አለችው። "አንተ ከተናገርክ እኔም ሳላጥብ መፈረሜን እናገራለሁ፤ ጥፋቱን እኩል እንሸከመዋለን።" አቶ ጌታሰው ሲጠይቋት "ሐሙስ ይታወቃል" ብላ ዝም አለች። አሮጌው ማጉያ በቦታው እንዲመለስ ግን ያንኑ ቀን አደረገች፤ ሰሃላን ለአበልጅ ብላ አላስጠበቀችም።

ሐሙስ ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች፣ አቶ ጌታሰው፣ ቅጣው፣ እሷና ምትኩ ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ምትኩ ቀድሞ ይናገር ተባለ። ለተጊዮርጊስ አይዞህ ለማለት ያህል ራሷን ነቀነቀችለት፤ የኔ ሞኝ!

"እኔ ዕቃ አቅራቢ ነኝ" አለ ምትኩ። "አምጥቼ አስረከብኩ። የለካችው እሷ ናት፣ ፊርማዋም ይኸው። ስክሪኑ እንዲህ ተስተካክሎ ከተገኘ ያስተካከለችው ለምን እንደሆነ እሷን ጠይቋት።"

ለተጊዮርጊስ ጆሮዋን አላመነችም። "አንተ ነህ ያስተካከልከው!" አለች።

"እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ያን ስክሪን እሷ ለማን ታስነካለች? ሌላ ሰው የነካውን ሳታጥብ እንደማትለካ አገር ያውቃል። አቶ ጌታሰውን ጠይቁ።"

ሁለቱ ሰዎች ወደ አቶ ጌታሰው ዞሩ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ጨነቃቸው። እውነቱን ግን ምን ያድርጉት? "አዎን" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ያስተካከልኩትን እንኳ እፊቴ አጥባዋለች።"

አያችሁ? አሥራ ሁለት ዓመት የገነባችውን ስሟን አንስቶ መታት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይኼን ነው። እሱ ሲጨቃጨቅ አልነበረም፣ ሲያመሰግናት ነበር፤ ጠንቃቃ ናት፣ ማንንም አታምንም እያለ።

"ያን ቀን አላጠብኩትም" አለች።

"ለምን?" አላት አንደኛው ሰውዬ። አዲስ አበቤ ነው፣ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

"አበልጄ ስለሆነ።"

ሰውዬው ምን ብሎ እንደሚጽፈው ግራ ገባው። ሳይጽፍ ቀረ። ቅጣው ብቻ አንገቱን ደፋ፤ እሱ የአገሩ ልጅ ነው፣ ገብቶታል። ቢገባውስ? ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው። ከማማው ሥራ ታገደች፤ ምትኩ ዕቃውን በሌላ እንዲተካ ታዘዘና ሱቁ ገባ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ፣ ሰገነት ሕፃኗን አዝላ መጣች። ለተጊዮርጊስ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣለች፤ ከሐሙስ ጀምሮ ወጥ አልሠራችም። ሰገነት በሩን ዘግታ ከመቀመጧ እንባዋ ወረደ።

"ሆዴ አልቻለልኝም" አለች። "አንቺ ነገሩ ኅዳር የተጀመረ መስሎሻል አይደል?"

"ታዲያስ?"

"ክርስትና የምታነሳት እህቴ የሻሽወርቅ ነበረች። ከሰኔ ጀምሮ ቃል ሰጥተናት፣ ቀሚሱን ገዝታ ነበር። ማጉያው ተቃጥሎ ጨረታው ሲወራ፣ ዕቃውን የምትለካው አንቺ እንደሆንሽ ሲሰማ፣ 'የሻሽወርቅ ትቅር፣ ለተጊዮርጊስ ትሁን' አለኝ ምትኩ። እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች። እኔ ላንቺ አዝኖ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ማርያምን።"

ለተጊዮርጊስ "ያን ቀን፣ ወርክሾፕ መጥቶ ሲነግረኝ፣ ማልቀሴን ነግሮሻል?" ብላ ጠየቀቻት።

"ነግሮኛል።"

"ምን አለ?"

ሰገነት መሬት መሬት አየች። "'አሁን ስክሪኑን አታጥበውም' አለኝ" አለች።

የለተጊዮርጊስ አንጀት ያን ጊዜ ነው የተቆረጠው፤ ሐሙስ አልነበረም። ሥራ ይታጣል። ስምም ይጠፋል፣ ይመለሳልም። መካን ሆይ ነይ እናት ሁኚ ብሎ ጠርቶ፣ እንባዋን አይቶ፣ እንባዋን እንደ መፍቻ በዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የከተተ ሰው ግን ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም።

"ለአቶ ጌታሰው ትነግሪልኛለሽ?" አለቻት።

ሰገነት ደነገጠች። "ባሌ እኮ ነው፣ ለተዬ! ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ… ልጄን ምን ላብላት? እኔ ነገረችኝ እንዳትይ፣ በሞቴ።" እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ እንደ ቀለላት ፊቷ ይናገር ነበር። ልቧን አራግፋ ሸክሙን እዚያው ትታ ሄደች።

እሑድ ጠዋት ለተጊዮርጊስ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሕፃኗን ለቁርባን ማቅረብ የክርስትና እናት ሥራ ነው፤ ነሐሴ ላይ ከቄሱ ፊት ቃል የገባችው እሷ ናት፣ ቃሏ ደግሞ የእውነት ነበር። ከሰገነት እጅ ተቀበለቻት። ወለተ ሚካኤል አወቀቻትና ሳቀች፣ ጉንጯን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት።

ምትኩ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ሲያያት ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማለት።

"እንደምን አደርሽ፣ አበልጄ!"

የአበልጅን ሰላምታ አለመመለስ ምን እንደሚያስብል ያውቃል፤ ቂመኛዋ እሷ፣ ጥፋተኛዋ እሷ፣ ይቅር ባዩ እሱ ሊሆን ነው። ለተጊዮርጊስ ቆመች።

"ስክሪኑን ያስተካከልከው አንተ ነህ" አለችው። አልጮኸችም፤ ግን ሁሉም ሰማ።

አባ ወልደ ጻድቅ፣ ሕፃኗን ያጠመቁት ቄስ፣ መስቀላቸውን ይዘው ፈጠን ብለው መጡ። "ልጄ፣ ልጄ! በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠብ ይጀመራል?"

"እኔ አልጀመርኩትም፣ አባቴ" አለች። "የተጀመረው ግን እዚሁ ደጅ ላይ ነው።"

ቄሱ አልገባቸውም፤ ከሰዉም የገባው የለም። ምትኩ ዞር ብሎ ሰገነትን አያት። ሰገነት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ለተጊዮርጊስ መስቀሉን ተሳልማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ልጇን ታቅፋ ገባች።